«ከውጭ ይግዙ» ለዘላለም ትኑር!

እናቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት፤ መዋጮዋን አጓድላ አታውቅም። የስኳርና የደም ብዛት መድኃኒቷን ልትወስድ በሄደች ቁጥር ግን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ መስኮት ማዶ ያው መልስ ይጠብቃታል፦ «አልቋል እማማ፣ ከውጭ ይግዙ።» መጀመሪያ መጀመሪያ እናደድ ነበር። አሁን ግን ይህቺን ቃል ያፈለቀ ሰው ሐውልት ይገባዋል ባይ ነኝ።

ሐኪም «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ» ቢላቸው እሺ ብለው ቤታቸው የሚቀመጡትን አዛውንቶች ማን አስነሳቸው? «ከውጭ ይግዙ» ናት! ማዘዣ አስይዛ ከፋርማሲ ፋርማሲ ታዞራቸዋለች። ይህን የመሰለ ስፖርት ያለ ውድድር መቅረት የለበትም። ኅዳር ላይ ከሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ጎን «ታላቁ የማዘዣ ሩጫ» ይቋቋምልን። መነሻው የሆስፒታሉ መስኮት፣ መድረሻው ኢንሱሊን የተገኘበት ቦታ ይሁን፤ ርቀቱን እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል። ከ60 እስከ 70 ዓመት ያሉት በከዘራ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በልጅ ልጅ ትከሻ ተደግፈው ይሮጣሉ። በየኬላው «ትናንት ነበር፣ አለቀ» የሚል ባለ ነጭ ጋውን ቆሞ ያበረታታቸዋል። ወርቅ ያገኘ የወር መድኃኒት፣ ብር ያገኘ የሳምንት፣ ነሐስ ያገኘ ደግሞ «ሰኞ ይመለሱ» ይሸለማል። የአበረታች መድኃኒት ምርመራ አያስፈልግም፤ መድኃኒት ቢኖራቸው መች ይሮጡ ነበር?

የጡረታ ብርም ኪስ ውስጥ ከመሻገት ይድናል። የልጅ ልጆችም የከተማውን ፋርማሲዎች በቃላቸው ይወጣሉ።

ኧረ ይበቃል! ሴትዮዋ ከፍላለች። አንድ ጊዜ ከፍላለች።

ስኳርና ደም ብዛት የሳምንት ኪኒን ተውጦ የሚሸኙ በሽታዎች አይደሉም። መድኃኒታቸው የዕድሜ ልክ ነው፤ ሲቋረጥ ኩላሊት ያደክማል፣ ዓይን ያጠፋል፣ እግር ያስቆርጣል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች መሞከር ሲጀምር የታሰበው ሰው በሬውን ሸጦ እንዳይታከም ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። አቅም ካነሰ «አነሰኝ» ይባላል እንጂ፣ መዋጮ ተቀብሎ አሮጊት ማዞር ምን የሚሉት እርዳታ ነው?

ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያልቅበት ከሌላ ፋርማሲ ጋር ተዋውሎ ያቅርብ፤ ሂሳቡን መድኑ ይክፈል። ይህ ከበዳችሁ ደግሞ ደረሰኙን ተቀብላችሁ ብራችንን መልሱልን።