የአየር ድርድር በጁባ

ነጭ አባይ ጁባን ታክኮ ያልፋል፤ አብዛኛው የከተማዋ ሰው ግን ውሃ የሚገዛው ከቦቴ ነው። ቦቴውን ከሚነዱት ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሐበሻ በሚያስተዳድረው ሆቴል ግቢ፣ የጎጃም ሰው በቦቴ ባመጣው ውሃ የተሞላ መዋኛ ገንዳ ዳር ቆሜ፣ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፈስ ከአንድ ግብፃዊ ልማር ተሰናዳሁ።

ጁባ የሄድኩት ስለ አገሬ ልጆች ንግድ ልጽፍ ነው። ነጋዴዎቹ ግን እሑድን ለቤተ ክርስቲያንና ለእንቅልፍ አካፍለውት ስለነበር የሚያናግረኝ አላገኘሁም። ግብፃዊው በሥራ ቀን የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ቀድሞ ዳሃብ ላይ ቱሪስት ጠላቂዎችን ያሠለጥን ነበርና ዕቃውን ይዞ ነው የመጣው፤ እሑድ እሑድ ሁለት ሰው ካገኘ ያስተምራል። እኔ ጅቡቲ ላይ የጀማሪነቱን ወረቀት ይዣለሁ። ሌላው ተማሪ ከወንዙ ዳር ያደገ፣ ቁመቱ የቀበቶውን ልክ ሁሉ ያስጨረሰ የጁባ ወጣት ነው።

ነገሩን ሳስበው ፈገግ አልኩ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ ቀይ ባሕር ከካርቱም ጋር ቀረ፤ እኛ ቀድመናት በ1993 ተሰናብተነዋል። ፈረንሳዊው ኩስቶ በ1963 ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ሻዕብ ሩሚ ላይ ከባሕር በታች ቤት ሠርቶ ሰዎቹን አሥር ሜትር ላይ አንድ ወር ሲያኖር፣ ጁባም የዚያው ባለ ባሕር አገር ከተማ ነበረች። አሁን ሁለት ባሕር አልባ ሕዝቦች ከባሕር የመጣ መምህር ከፊታችን አቁመን በቦቴ ውሃ እንማራለን።

«ወንዙ እዚያ አይደል እንዴ? ለምን እዚያ አንማርም?» አልኩት።

«ውሃው ጭቃ ነው፤ የራስህን እጅ አታይም። ይገፋል። አዞም አለው።»

የጁባው ልጅ አዞ ሲባል እንደ ጎረቤት ስም ሰምቶ ዝም አለ።

የገንዳው ጥልቅ የሚባለው ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ትምህርቱ ደግሞ ለቴክኒካል ጠለቃ፣ ማለትም ለመዝናኛ የሚጠልቁ ሰዎች ከሚቆሙበት ከ40 ሜትር በታች ለሚወርደው ሙያ መንደርደሪያ ነው። ትንሽ አያንስም ወይ ብዬ ስቀልድ አሠልጣኙ አልሳቀም። «ሁለት ሜትር ላይ የተደናገረ ሰው ስድሳ ሜትር ላይ አይጠራለትም» አለ። ከዚያ ሕግ አወጣን፤ ገንዳው ውስጥ ሦስት ነገር አይነሳም። አንደኛ ግድቡ፣ ሁለተኛ የ1959ኙ ስምምነት፣ ሦስተኛ እንደገና ግድቡ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ነበርና ነገሩ ያኔ ገና ትኩስ ነበር። የ1959ኙንም አንባቢ ያውቀዋል፤ ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የአባይን ውሃ ተካፍለው እኛን ሳይጠሩን የተፈራረሙት ነው።

ሳይድማውንት የሚሉት አለባበስ ሁለቱን የአየር ሲሊንደር ከጀርባ አውርዶ በግራና በቀኝ ብብት ሥር ያስተኛቸዋል። መነሻው የእንግሊዝ ዋሻ አሳሾች ናቸው። ጀርባ ላይ የታዘለ ሲሊንደር በጠባብ ቀዳዳ አላሳልፍ ሲላቸው በጎናቸው አሠሩት፤ በኋላ የፍሎሪዳና የሜክሲኮ ዋሻ ጠላቂዎች አሳመሩት። ትልቁ ጥቅሙ የሲሊንደሩ አንገት ከማጅራት ኋላ ሳይሆን ከዓይን ሥር መሆኑ ነው፤ አንዱ ቢያፈስ አይተህ ትዘጋዋለህ። ትልቁ ጣጣው ደግሞ ሲሊንደሮቹ አለመገናኘታቸው ነው። ከግራው ትንሽ፣ ከቀኙ ትንሽ እየተነፈስክ ማመጣጠን ግድ ነው፤ አንዱን ብቻ ከጠጣህ አንድ ጎንህ ይቀልና ትገለበጣለህ።

አለባበሱ ራሱ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ጀርባ ላይ ሳህን፣ ብብት ሥር ላስቲክ፣ ዳሌ ላይ ቀለበት፤ ከቀኙ ሲሊንደር ሁለት ሜትር የሚሆን ረጅም ጎማ፣ ከግራው አጭር ጎማ አንገት ላይ እንደ ማተብ ታሥሮ። ወደ ገንዳው እንደ ምንም ገባሁ። ግማሹን አየር ስጨርስ ግን የሲሊንደሮቹ ቂጥ ተነሥቶ ውሃው ላይ ብቅ አለ፤ እኔም ቂጤን ሰቅዬ በአፍንጫዬ የገንዳውን ሰድር ልጠርግ ደረስኩ። አሉሚኒየም ሲሊንደር ሲሞላ ይሰጥማል፣ ባዶ ሲሆን ይንሳፈፋል፤ ፊዚክሱ ይህን ያህል ነው። የጁባው ልጅ ከጎኔ እንደ ዓሣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በዚህ መሐል ቦቴውን ባዶ አድርጎ ቱቦ የሚጠቀልለው ሾፌር ከዳር ቆሞ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና» አለኝ ራሴን ብቅ ሳደርግ፣ «አህያ እንዲህ ተጭኖ ቢሆን ገበያ አይደርስም።»

«እንዴት?»

«ጭነቱ ከኋላ ቀልሎ ተነሥቷል። የታችኛውን ማሰሪያ ወደ ፊት ይሳቡት። ዳገትና ቁልቁለት ላይ እንዲህ ነው የሚደረግ።»

አሠልጣኙ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። ሾፌሩን ትንሽ አየውና ከሲሊንደሬ ወገብ ላይ ያለውን ማያያዣ ፈትቶ በዳሌዬ ላይ ወደ ፊተኛው ቀለበት አሻገረው። ቂጤ ወረደ። ይህንን ትምህርት ሊሰጠን ያሰበው ከሰዓት በኋላ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው፤ ሾፌሩ በሁለት ሰዓት ቀደመው፣ ሒሳቡንም አልጠየቀ።

ለሁለተኛው ዙር ሲሊንደሮቹ እንደገና መሞላት ነበረባቸው። ኮምፕሬሰሩ ትንሽ ናት፤ ጩኸቷ ግን ትልቅ ነው። መብራት የሚመጣው ከሆቴሉ ጄኔሬተር ስለሆነ አሠልጣኙ የአየር መሳቢያውን ቱቦ በመሰላል ማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀለው። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሽታ ስለሌለው አይታወቅም፤ ከውሃ በታች ሲተነፍሱት ግፊቱ መርዙን ያበዛዋል። ዘበኛው መጥቶ ዛፉ ላይ ያለው ቱቦ ማንጎ ማውረጃ እንደሆነ ጠየቀ፤ አይደለም ሲባል ተስፋ ቆርጦ ሄደ። 200 ባር መሙላት የነበረባት ኮምፕሬሰር 180 ላይ ስትደርስ ጄኔሬተሩ ጠፋ።

«ደግ ነው» አለ አሠልጣኙ፣ «180 ለማካፈል ይመቻል።» በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ጻፈ። 60 ለመሄጃ፣ 60 ለመመለሻ፣ 60 አይነካም። ዋሻ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ በዚህ ይመራል፤ ሕጉም የተጻፈው በሞቱት ሰዎች ታሪክ ነው።

«የማይነካው የማን ነው?» አልኩ።

«የጓደኛህ። የሱ ካለቀ ሁለታችሁም በማይነካው ትወጣላችሁ።»

ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ በሚባልበት አገር ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ከኛው የሚሻል መሰለኝ፤ በኛው ክፍፍል ለአራሹ የሚደርሰው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ግብፃዊ እጁን በጠመኔ አቡክቶ ያለውን ለሦስት እኩል ሲያካፍል ማየት ግን ትዕግሥቴን ጨረሰው።

«ይኸ ቀመር» አልኩ፣ «ለተፋሰስ አገሮች ሁሉ ይሠራል?»

ሕግ ፈረሰ። አሠልጣኙ ጠመኔውን አስቀመጠ። የጁባው ልጅ ረጋ ብሎ፣ «እኛ አጽድቀናል» አለ። እውነቱን ነው፤ ደቡብ ሱዳን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2024 አጽድቃ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሥራ ላይ እንዲውል ያደረገችው እሷ ናት። ከሦስታችን ውስጥ አጀንዳውን ያነበበ እሱ ብቻ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

አሠልጣኙ መልስ ሳይሰጥ ወደ ገንዳው አዘዘን። ቀጣዩ ልምምድ አየር ያለቀበት ጠላቂ ማዳን ነው። እኔ ገንዳው ወለል ላይ ተንሳፍፌ እያለሁ እሱ ከማዶ መጣ፤ መዳፉን አጠፍጥፎ ጉሮሮውን እንደሚቆርጥ ወዲያና ወዲህ አደረገ። አየር የለኝም ማለት ነው። ምላሹ ቀላል ነው፤ ከደረቴ ቀለበት ላይ የተያያዘውን ረጅሙን ጎማ ፈትቶ መስጠት። ማያያዣው ግን አልፈታ አለ። እኔ የላይኛው ተፋሰስ፣ እሱ የታችኛው፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ የትወና አየር አጥቶ በትዕግሥት ይጠብቃል፣ እኔ ቀለበቱን እታገላለሁ፣ ልጁ ጥግ ላይ ሆኖ እንደ ታዛቢ ያያል። በመጨረሻ ተፈታና ሰጠሁት።

ወጥተን ጭንብሉን አወለቀ። «ምን ነበር ያዘገየህ?»

«በፍትሐዊና ምክንያታዊ ፍጥነት ነው የሰጠሁህ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁም ረጅም ነበር። «ጉልህ ጉዳት አላደረስክብኝም» አለ።

ሻይ ስንጠጣ ያገሩን ሰው ወሬ አመጣ። አሕመድ ጋብር የሚባል ግብፃዊ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ዳሃብ ላይ 332.35 ሜትር ወርዶ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለመውረድ ደቂቃዎች የበቁት ሰው ለመውጣት ከ13 ሰዓት በላይ ፈጀበት፤ በግፊት ደሙ ውስጥ የሟሟው ጋዝ በየደረጃው እየቆመ ካልወጣ አረፋ ሆኖ ይገድላልና። መውረድ የቸኮለ መውጣት ላይ ይከፍላል። እኔም ስለ ማራቶን ልመልስለት አሰብኩና ተውኩት፤ ሮጦ ያደገ ሕዝብ ለመቆም 13 ሰዓት የፈጀን ሰው ምን ይለዋል?

ማታ አዘጋጄ ከአዲስ አበባ ደወለ። የሰኞ ጠዋት በረራ ነበረኝ። ከጥልቅ ጠለቃ በኋላ 24 ሰዓት አይበረርም አልኩት፤ ከ300 ሜትር በላይ ባለ ቦታ የተጠለቀ እንደሆነ ስሌቱ ለብቻ ነው፣ ጁባም ከዚያ በላይ ናት፤ አዲስ አበባማ ከ2,300 ሜትር በላይ። ሁሉም እውነት ነው።

«ስንት ሜትር ገብተህ ነው?» አለኝ።

«ሁለት ተኩል።»

ትንሽ ዝም አለ። «በሰኞው በረራ ና። የነጋዴዎቹን ጽሑፍ ስንቱን ሠራህ?»

«ሲሶውን።»

«ሌላውስ?»

«ሲሶው ለመመለሻ ነው፤ ሲሶው ደግሞ አይነካም።»