የአንዲት ፊደል ጣጣ

ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የደረሰባት የእህቴ ልጅ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትሠራለች። እርሳሷን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ ይኼ ‹ሁ› ነው ‹ሁም›?» አለችኝ። ጥያቄው «ትናንት ያገኘሁት ሰውዬ ሐኪም ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ ተትቷል። ከሥሩ አራት ምርጫ አለ፦ «ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ»፣ «ዊች»። «ሁም» ነው አልኳት። «ለምን?» አለች። ማስረዳት ጀመርኩ። ሰብጀክት፣ ኦብጀክት፣ ሪሌቲቭ ፕሮናውን እያልኩ ሁለት ደቂቃ ሳልሄድ ዓይኗ ደከመ። እኔም ደከመኝ። ይህን ጥያቄ በእሷ ዕድሜ እኔም ተጠይቄዋለሁ፤ እናቷም ከእኔ በፊት ተጠይቃዋለች። በአንድ ቤት ሁለት ትውልድ በአንዲት ፊደል ተፈትኗል። ሁለቱም መልሱን የያዘው በሽምደዳ ነው፤ ምክንያቱን በሚገባን ቋንቋ የነገረን አልነበረም።

እንግሊዝኛ ለምን ተማርን የሚል ቅሬታ የለኝም። አገራችን ውስጥ ልጅ ቋንቋውን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማረዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ያለ እሱ የሚያልፍበት በር የለም። የእኔ እሮሮ ልጁ በምን ይመዘናል የሚል ነው። በፈተና አንድ ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በአንድና በሁለት ጥያቄ ከመስመሩ በታች የቀረ ልጅ ያለበት ቤት የዚያን ሰሞን ዝምታ ያውቀዋል። ልጅን እንዲህ የሚያስከፍል ጥያቄ ከሆነ፣ ቢያንስ የሚለካው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ይህ ጥያቄ ምን ይለካል? ለንደንም ሆነ ዋሽንግተን ሰው ከሰው ሲጨዋወት «ማንን አየህ?» ለማለት «ሁ ዲድ ዩ ሲ?» ይላል። «ሁም ዲድ ዩ ሲ?» የሚል ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ነገሩም የትናንት አይደለም። አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በእንዲህ ያለ ጥያቄ መነሻ ላይ «ሁ» ማለት ትክክል ነው ብሎ ተሟግቷል። የቋንቋ ሊቁ ኤድዋርድ ሳፒር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 በወጣው መጽሐፉ፣ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲያልፍ እጅግ የተማረ የሕግ ሰው እንኳ «ሁም ዲድ ዩ ሲ?» እንደማይል ተንብዮአል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ የሰው ንግግርም እሱ ወዳለው አቅጣጫ እየሄደ ነው።

ቃሉ ፈጽሞ ሞቷል አልልም። ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚያውቀው የሥራ ልምድ ወረቀት አናቱ ላይ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» ይላል፤ እኛ «ለሚመለከተው ሁሉ» የምንለው ማለት ነው። እዚያ ላይ «ሁም» በ«ቱ» ተደግፎ ጸንቶ ቆሟል፤ «ቱ ሁ» ብሎ የሚጽፍ የለም። «ከማን ጋር»፣ «ለማን»፣ «ስለማን» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ መስተዋድዱን ያስቀደመ ሰው «ሁም»ን ማወቅ አለበት። ይህን መጠየቅ አግባብ ነው፤ ልጁ ነገ ደብዳቤ ይጽፍበታል። ፈተናዎቻችን የሚወዱት ግን ይህን አይደለም። የሚወዱት ያችን «ትናንት ያገኘሁት ሰውዬ» የምትለዋን ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ እንግሊዙ ሲናገር «ሁ» ሊል ይችላል፤ «ዛት» ሊልም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳያስገባ ያልፋል። ፈተናው ግን «ሁ»ን ከ«ሁም» አጠገብ አስቀምጦ አንዱን ብቻ ትክክል ይላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እንግሊዝኛን ከፊልም፣ ከዜና፣ ከሰው አፍ እየሰማ የተማረ ልጅ ጆሮው የነገረውን «ሁ» አጥቁሮ ይሳሳታል። ቋንቋውን አንድ ቀን እንኳ ሳይናገር ደንቡን የሸመደደው ደግሞ ነጥቡን ይወስዳል። ሁለቱም ልጆች የእኛ ናቸው፤ ለአንዱ አድልቼ አይደለም። ግን የትኛው ነው እንግሊዝኛ የሚችለው? ልጆቻችንን «ስሙ፣ ተናገሩ፣ አትፈሩ» እያልን ስንመክር ከርመን፣ ወረቀቱ ላይ የሰሙትን በመስማታቸው መቅጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የቋንቋው ባለቤቶች የሚያደርጉትን ደግሞ እንመልከት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ለዜግነት ሲፈተኑ እንግሊዝኛቸው የሚታየው በንግግር፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በማንበብና ከሦስት አንዱን በመጻፍ ነው። ለንባቡ እንዲዘጋጁበት በሚሰጠው የቃላት ዝርዝር ውስጥ የመጠየቂያ ቃላት ሰፍረዋል፦ እንዴት፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ ማን። «ሁ» አለች፤ «ሁም» የለችም። ልጆቻችን ለውጭ ትምህርት ዕድል የሚፈተኑት ቶፍልም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2005 በኢንተርኔት መሰጠት ሲጀምር ሰዋስውን ለብቻው በምርጫ የሚጠይቀውን ክፍል አስቀርቷል። አሁን ልጁ ያነባል፣ ያዳምጣል፣ ይናገራል፣ ይጽፋል፤ ሰዋስው ማወቁ በጽሑፉና በንግግሩ ይታያል። የቋንቋው ባለቤቶች ትተውት የሄዱትን መመዘኛ እኛ አጥብቀን ይዘናል።

ጣጣው በትምህርት ቤት ቢያበቃ ባልከፋ። ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለገንዘብ ተቀባይነት፣ ለጸሐፊነት፣ ለመጋዘን ሠራተኛነት ይመዘገባል፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ አዳራሽ ይቀመጥና ወረቀት ይታደላል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥያቄ ላይ ያቺው «ሁ» ወይስ «ሁም» ብቅ ትላለች። ብር ቆጥሮ በትክክል ማስረከቡን፣ ደንበኛን በትሕትና ማስተናገዱን የሚጠይቀው የለም። እኔ በተቀመጥኩበት በአንዱ እንዲህ ያለ ፈተና አጠገቤ የነበረ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ሲወጣ «በሠራሁት ሥራ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

መልሱ ራሱ ደግሞ አንድ አይደለም። የእህቴ ልጅ የተለማመደችባቸው ሁለት የጥያቄ ጥራዞች ለአንድ ጥያቄ ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ጥያቄው «ሐቀኛ ነው ብዬ የማምነው ሰውዬ» የሚል መልእክት ያለው ነው፤ አንዱ «ሁ» ይላል፣ ሌላው «ሁም»። ሁለቱም ማብራሪያ የላቸውም፤ ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው። ልጅቷ ማንን ትመን?

አሁን ያልኩትን ልብ ብላችሁታል? «ማንን» አልኩ። የእሮሮዬ እምብርት እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት ከእናቱ ጡት ጋር ለጠባ ልጅ የነፃ ስጦታ አድርጎ ሰጥቶታል። ገና አፉን የፈታ ሕፃን «ማን መጣ?» ይላል፤ «ማንን መታህ?» ይላል። አያምታታውም። ያቺ «ን» ተሳቢውን ከባለቤቱ ትለይለታለች። ግዕዝ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችማ ከዚህም የጠራ ነገር አላቸው፦ ድርጊቱን የሠራው ሲጠየቅ «መኑ»፣ ድርጊቱ ያረፈበት ሲጠየቅ «መነ» ይላሉ። እንግሊዝኛም ከሺህ ዓመት በፊት እንዲሁ ለ«ማን»፣ ለ«ማንን» እና ለ«ለማን» የተለያዩ ቅርጾች ነበሩት። የዛሬው «ሁም» የመጣው ከ«ለማን» ነው፤ ውሎ አድሮ የ«ማንን»ንም ቦታ ጠቅልሎ ያዘ።

ያን ምሽት ይህ ትዝ ሲለኝ ሪሌቲቭ ፕሮናውኑን ተውኩትና «ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጠይቂው። ማን አገኘ?» አልኳት።

«እኔ» አለች።

«ማንን አገኘሽ?»

«ሰውዬውን።» ቆም አለች። «ን አለው።»

«ን ካለው ‹ሁም› ነው። ለ፣ ከ ወይም ስለ ካለበትም እንዲሁ። ባዶውን ‹ማን› ብቻ ካልሽው ግን ‹ሁ› ነው።»

ተከታዮቹን አምስት ጥያቄዎች ያለ እኔ ሠራች፤ አንድም አልሳተችም። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ «ይኼ ብቻ ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?» አለችኝ።

ለምን አልነገሯቸውም? በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር እንደ ጥፋት ስለሚታይ ነው። እኛ በተማርንበት ጊዜ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ያመለጠው ልጅ ይቀጣ ነበር። በአማርኛው ክፍል ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ ይማራል፤ ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛው አስተማሪ ሲገባ ሰብጀክት፣ ኦብጀክት፣ ቨርብ ይማራል። አንድ ነገር መሆናቸውን የሚያገናኝለት ሰው የለም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? የራሳችንን ሰዋስው ጥለን የሰውን ለመቃኘት ስንታገል ሁለቱም ያመልጡናል። በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን አፉን የፈታ ልጅ ቢሆን፣ ማን ሠራ፣ በማን ላይ ተሠራ የሚለውን የሚለይበት የራሱ መንገድ አለው። ለሁሉም ማስረዳት የሚቻለው ከሚያውቀው ተነስቶ ነው።

«ን» ሁሉንም ትፈታለች ብዬ አላታልልም። ያቺ ሁለቱ ጥራዞች የተጣሉባት ጥያቄ ላይ «ን» ራሷ ታሳስታለች። እኛ «ከበደ ሐቀኛ ነው» እንላለን፤ ሰዎች ሲያወሩለት ግን «ከበደን ሐቀኛ ነው ይሉታል» ይሆናል። ሐቀኛ የሆነው ያው ከበደ ነው፤ «ይሉታል» ስቦ «ን» አስለጠፈበት። በእንግሊዝኛው ግን «ብዬ አምናለሁ» የሚለውን ለጊዜው በጣት ሸፍኖ «ማን ሐቀኛ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ «ሁ» ነው። ልጅ እዚህ ላይ ቢሳሳት ሰነፍ ተብሎ ሊሰደብ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ስለ ማንነቱ በሚጠይቅበት ቦታ፣ ደንቡ «ሁ» በሚልበት «ሁም» ብለው ጽፈዋል። የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት በገዛ ቋንቋቸው በዚያ ስበት ከተሳቡ፣ የእኛን ልጅ በ17 ዓመቱ፣ በሰዓት ተጨንቆ፣ በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ቋንቋው ለምን እዚያው ቦታ ላይ እናደባበታለን?

ታክቶናል። ወላጅ ታክቶታል፣ አስተማሪውም ታክቶታል፤ ስድሳና ከዚያ በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ጽሑፍ ሰብስቦ የሚያርምበት ጊዜ ስለሌለው ምርጫውን ማስሸምደድ ግድ ሆኖበታል። እኔ በእሱ አልፈርድም። ፈተና የሚያወጡትን ግን እለምናለሁ። «ሁም»ን መጠየቅ ካለባችሁ ሕያው በሆነበት ቦታ፣ በደብዳቤው፣ ከ«ቱ» እና ከ«ዊዝ» ኋላ ጠይቁት። «ሁ»ም «ሁም»ም በሚባልበት ቦታ ሁለቱን ጎን ለጎን አታስቀምጡ። መልስ ስታትሙ ምክንያቱንም አንድ መስመር ጨምሩበት። ልጁ ያነበበውን መረዳቱን፣ ያሰበውን መጻፉን መዝኑ፤ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚጠብቀው እሱ ነውና። አስተማሪዎችንም እለምናለሁ፤ ሰሌዳው ላይ «ማን» እና «ማንን» ብላችሁ አንድ ቀን ብቻ ጻፉላቸው።

የእህቴ ልጅ ወረቀቷን ሰብስባ ተኛች። እሷ ለፈተናው ደርሳበታለች። እኔ ግን እንቅልፍ የነሳኝ የሌሎቹ ነገር ነው፤ በዚህ ሰዓት በየቤቱ አምፖል ሥር «ሁ» ይሁን «ሁም» እያሉ በግምት የሚያጠቁሩት። ልዩነቱን በየቀኑ በአፋቸው ይናገሩታል። የጠፋው «ታውቁታላችሁ» የሚላቸው ሰው ነው።