ሃምሳ ነጥብ ምናምን

ከሶኬት የሚመጣው መብራት 50 ሄርዝ መሆኑን ማን ያጣዋል? ግን «50» ብሎ ማለፍና «49.98» ብሎ መማል ለየቅል ናቸው። ከነጥቧ በኋላ ያለችውን በማይክሮኮንትሮለር እናገኛለን ብለን የተነሣን ሁሉ ፍዳችንን እናያለን።

የሰዓቱ ነገር ይቅደም። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ የምታብረቀርቀውን ክሪስታል አይቶ ያልተጽናና የለም። ክሪስታሏ ግን ከኮምፒዩተር ጋር የሚላላከው የዩኤስቢ ቺፕ ድርሻ ናት። ለዋናው ቺፕ፣ ሥራው ሁሉ ለተጫነበት፣ የደረሰው ሴራሚክ ሬዞኔተር ነው። እሱ ደግሞ በግማሽ በመቶ ቢዛነፍ ከልካይ የለውም። የ50 ግማሽ በመቶ 0.25 ሄርዝ ነው፤ በደንብ የተያዘ የኃይል መረብ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.05 ሄርዝ በላይ አይርቅም። ይህ ሁሉ እያለ ስክሪኑ 50.2371 ብሎ ከነጥቧ በኋላ አራት አኃዝ ሲደረድር አያፍርም! እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በኮሶቮና በሰርቢያ ውዝግብ ሰበብ የአውሮፓ መረብ በአማካይ ወደ 49.996 ወርዶ ሰንብቶ፣ ከመብራቱ የሚቆጥሩ የምድጃ ሰዓቶች ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይተው ነበር። ያችን 0.004 በሬዞኔተር ማየት? ይቅርብን።

ኮዱስ? «በአንድ ሰከንድ ስንት ዑደት አለፈ» ብሎ የሚቆጥር ኮድ 49፣ 50፣ 51 ከማለት አያልፍም። የ50 ዑደት ርዝመት በማይክሮ ሰከንድ ይለካ እንጂ ብለን ስንት ጊዜ እንጩህ!

ሞገዱም ቢሆን መጽሐፉ ላይ እንደተሳለው አይደለም። የሰፈሩ ቻርጀርና አምፖል አጨማዶት ዜሮን ሲያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን መሻገሪያ ቺፑ ሦስት ጊዜ ይቆጥረውና 57 ሄርዝ ይወጣል። ከአንዱ መሻገሪያ በኋላ 15 ሚሊ ሰከንድ ጆሮ ካልነፈጉት አያርፍም። ኦፕቶካፕለር ያስገባን እንደሆነ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚበራበት ቅጽበት ይሸራተታል። ትንሽ ትራንስፎርመር ይሻላል። ያም ሆኖ 220 ቮልቱን በአንድ ሬዚስተር ብቻ በቀጥታ ፒኑ ላይ ስኩት የሚል ቪዲዮ አይጠፋም። የሰው ነፍስ እኮ ነው!

ሁነኛው መድኃኒት ጂፒኤስ ነው፤ በየሰከንዱ የሚልከው ምት ሬዞኔተሩን ልክ ያስገባዋል። እሱም ሰማይ ካላየ አይሠራም፣ እኛ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነን። አንቴናውን በመስኮት አውጥተን፣ ሽቦውን በጨርቅ ወትፈን፣ ቁጥሩ ረጋ ስንል መብራት ይሄዳል።

ያኔ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሣል። ባዶውን ከ50 በላይ ሲሮጥ ቆይቶ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካበት 48 ይገባል። ይህን ለማወቅ ግን መለኪያ አያስፈልግም፤ ሞተሩ ሲያቃስት ከግቢው ማዶ ይሰማል።