ለይቶ ማቆያ የገባች ሰላምታ

ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ኮዲንግ ልጀምር ነው፤ ጎ የሚሉትን ቋንቋ ጫንልኝ» አለኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ በየቤቱ አንድ ኮደር አይጠፋምና አልገረመኝም።

ከራሱ ከቋንቋው ድረ ገጽ አወረድን። ኔትወርኩ እያንቀላፋም ቢሆን ወረደ፤ ጫንነው። ልጁ አምስት መስመር ጻፈ። የፕሮግራሟ ሥራ ስክሪኑ ላይ «ጤና ይስጥልኝ» ብላ መውጣት ብቻ ነው። ኮምፓይል ሲያደርጋት፣ ማለትም የጻፈውን ወደሚሠራ ፋይል ሲለውጠው፣ ፋይሏ ብቅ አለች፤ ዓይናችን እያየ ደግሞ ጠፋች። ከስክሪኑ ጥግ ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ፦ ከባድ ስጋት ተገኝቷል፣ ወደ ለይቶ ማቆያ ተወስዷል።

«ጋሼ፣ ቫይረስ ሠራሁ እንዴ?»

ፕሮግራመር ከሆነ አሥር ደቂቃ አልሞላውም፤ ከሳሽ ግን አግኝቷል።

አንቲቫይረስን በሩ ላይ እንደቆመ ዘበኛ ቁጠሩት። አንደኛው መላው የሚፈለጉ ሰዎችን ፎቶ ይዞ የሚገባውን ሁሉ ከፎቶው ጋር ማስተያየት ነው። ሁለተኛው ግምት ነው፦ አረማመዱ፣ የያዘው ሻንጣ፣ ከዚህ በፊት ሰፈሩ ውስጥ ታይቶ ማወቁ። የጎ ፕሮግራም በዚህ በሁለተኛው ይወድቃል። ጎ የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ ያቺ አምስት መስመር ሰላምታ ከአንድ ሜጋባይት በላይ ሆና ትወጣለች። ቫይረስ ጸሐፊዎችም ጎን ከወደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጥቅልነቱ ነው፤ ስለዚህ ጨዋውና ሌባው አንድ ዓይነት ሻንጣ ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ላይ ፋይሏ ከተወለደች ሁለት ሰከንዷ ነው፤ ማንም አይቷት አያውቅም፣ ዋስ የሚሆናት ዲጂታል ፊርማም የላትም። የፕሮግራመር የዕለት ሥራ ደግሞ ማንም አይቶት የማያውቅ ፋይል መሥራት ነው! የጎ ሠሪዎች ይህ በተለይ ዊንዶውስ ላይ የተለመደ መሆኑን፣ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታም የሐሰት ክስ መሆኑን ጽፈው አስቀምጠዋል።

ትልልቆቹ ዘበኞችም ከዚህ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2010 ማካፊ የተባለው አንቲቫይረስ በላከው ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ዋና ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው፤ ኮምፒውተሮች እየጠፉ እየበሩ ዋሉ፣ ከኔትወርክም ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሶፎስ የተባለው የራሱን ማሻሻያ አምጪ ፕሮግራም በቁጥጥር ሥር አዋለ። ስህተቱን የሚያርመውን ማሻሻያ ማምጣት የነበረበትም ያው እስረኛ ነው።

በዘበኛው እንዳልስቅ ግን የእኛ ነገር ይይዘኛል። ከወዳጃችን በፍላሽ የተቀበልነው ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሲመጣ አብሮት አንዲት የጽሑፍ ፋይል አትጠፋም፦ «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ»። የሐኪም ትእዛዝ እንኳ እንዲህ አይከበርም። አንቲቫይረሱን ራሱን ክራክ አድርጎ የሚጭን ሰው አውቃለሁ፤ እሱን ለመጫን ነባሩን አንቲቫይረስ ያጠፋል፣ ከጨረሰ በኋላም ዘበኛ ቀጠርኩ ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሐቀኛው ፕሮግራመርም ያንኑ ዓረፍተ ነገር መጻፉ ነው። ኮምፓይለሩ ሲታሰርበት፣ የላከልህ ፕሮግራም ሲታገትበት፣ «ግድ የለም፣ ለጊዜው አንቲቫይረስህን አጥፋው» ይልሃል። ቃል በቃል ሌባው ያለውን። የሰለቸው ተጠቃሚ ሁለቱን በምን ይለያቸው?

ዘበኛው ትክክል የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኢንዱክ የተባለ ቫይረስ በፕሮግራመሮች ኮምፒውተር ላይ ዴልፊ የሚባለው መሥሪያ ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ እዚያ ማሽን ላይ በዴልፊ የሚሠራው ፕሮግራም ሁሉ ቫይረሱን ተሸክሞ ይወጣ ነበር፤ ሠሪው ሳያውቅ፣ በገዛ እጁ። ያን ሰሞን ማስጠንቀቂያ አይቶ «ያው የተለመደ ውሸቱን ነው» ብሎ ያለፈ ፕሮግራመር ለደንበኛው ምን እንደላከ አስቡት።

ስለዚህ ለልጁ «አጥፋው» አላልኩትም። አጎት ነኝና ላስተምር ብዬ ሥርዓቱን አሳየሁት። ያወረድነው ፋይል ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው የመለያ ቁጥር ጋር መግጠሙን አየን። የተያዘችውንም ፋይል «በስህተት ነው የታሰረች» ብለን ለአንቲቫይረሱ ኩባንያ ላክን። ቀጥሎ የሚሠራባትን አንዲት ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ነፃ ላደርግለት የነፃዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ።

ዝርዝሩ ባዶ አልነበረም። አንድ መስመር ቀድሞ ተጽፎበታል፦ ዲ ድራይቭ፣ ሙሉው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እሱማ ጌም ነው ጋሼ» አለኝ፤ «ሲጫን አጥፋ ብሎኝ ነው።»