ለሚዛወር የጠረጴዛ ፓይለት የተሰጠ ምክር

አዲስ የበረራ ሲሙሌተር ወጥቷል፤ እርስዎም ሊዛወሩ ወስነዋል። እንኳን ደስ አለዎት። ለሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ግን እንደማይበሩ ከወዲሁ ቢያውቁት መልካም ነው። ይህን የምለው ላስፈራዎት አይደለም። መብረርማ ማንን ያቅተዋል? ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይበራል። የጠረጴዛ ፓይለትን ከተሳፋሪ የሚለየው መዛወር ነውና በወጉ ሊፈጽሙት ይገባል።

በቅድሚያ ንብረትዎን ይቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ኤፍ ኤስ ኤክስ ከተባለው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ጋር የኖሩ ከሆነ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ)፣ በየጊዜው የገዟቸው አውሮፕላኖች፣ ኤርፖርቶች፣ የደመናና የውሃ ማሳመሪያዎች ሲደመሩ ከሲሙሌተሩ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሆኑ ያዩታል። ድምሩን ወረቀት ላይ አይጻፉት። ወረቀት አንድ ቀን ይገኛል፤ የሚያገኙትም ባለቤትዎ ናቸው።

ቀጥሎ ከዚህ ሁሉ ሀብት የቱ እንደሚሻገር ማጣራት ነው። ማይክሮሶፍት ኤፍ ኤስ ኤክስን የሠራውን ኤሲስ የተባለ ስቱዲዮ በ2009 ዘጋው፤ ሎክሂድ ማርቲን ደግሞ ቴክኖሎጂውን በፈቃድ ወስዶ ፕሪፔርድ የተባለውን ሲሙሌተር አወጣ። ሁለቱ የሥጋ ዘመዶች ስለሆኑ የአንዱ አውሮፕላን ሌላው ላይ በትንሽ መላ ይበር ነበር። በ2017 አራተኛው ፕሪፔርድ ወደ 64 ቢት ሲሻገር ዝምድናው ተቆረጠ። የድሮዎቹ አውሮፕላኖች መሣሪያዎች የተጻፉት በ32 ቢት ነው። ስለዚህ አውሮፕላንዎን ይዘው ቢሻገሩ ክንፉ ይመጣል፣ ጎማው ይመጣል፣ ጅራቱ ላይ ያለው ቀለም ሳይቀር ይመጣል፤ ኮክፒት ሲገቡ ግን ከፍታ መለኪያው የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ለሐቁ ሲባል ግን ያ ሽግግር የግድ ነበር። 32 ቢት ከ4 ጊጋባይት ሜሞሪ በላይ አይሻገርም። ሌሊቱን ሙሉ ከቦሌ ፍራንክፈርት የበረረ ሰው፣ ማኮብኮቢያው ፊቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ሲታየው፣ ጎማ ሊያወርድ ሲል፣ «ሜሞሪ አልቋል» የሚል ሳጥን ብቅ ይልና አውሮፕላኑም፣ ተሳፋሪውም፣ ሌሊቱም አብረው ይጠፋሉ።

ኤክስ-ፕሌን ወደተባለው ሲሙሌተር የሚሄዱ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው፤ ምንም አይያዙ። እሱ ክንፉን ቆራርጦ አየሩ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል የሚያሰላ ስለሆነ የእርስዎ አውሮፕላን ይዞት የመጣው የቁጥር ሠንጠረዥ አይገባውም።

በኦገስት 2020 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ደግሞ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። የቦርዶዎቹ የአሶቦ ስቱዲዮ ልጆች መሬቱን ከቢንግ ካርታ ፎቶ በኢንተርኔት እየሳበ እንዲያሳይ አደረጉት። በገንዘብዎ የገዟቸው የተራራና የእርሻ ሥዕሎች በአንድ ቀን ዋጋ አጡ። ለአሮጌው ቤት መስኮት የተሰፋ መጋረጃ ለአዲሱ አይሆንም፤ ቢሆንም የሚጥለው የለም፣ ታጥፎ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል። እርስዎም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይግዙና እዚያ ያስቀምጡት። ደረሰኞቹን ግን በቁም ነገር ይያዙ፤ ለቀድሞ ደንበኛ ቅናሽ የሚያደርጉ ሠሪዎች አሉ።

ለዚህ ለአዲሱ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር የተሠሩት አድኦኖች (ተጨማሪዎች) የሚገቡት ኮሚዩኒቲ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። አሠራሩ ለሕፃን እንኳ የሚገባ ነው፤ እዚያ ከጣሉት ይሠራል፣ ከዚያ ካነሡት ይጠፋል። የሚያስቸግረው ፎልደሩን ማግኘት ነው። ከማይክሮሶፍት መደብር የገዙት ከሆነ፣ ዊንዶውስ ከሰው ዓይን በሚሰውረው አፕዳታ ውስጥ፣ ከዚያም ሎካል ውስጥ፣ ከዚያም ፓኬጅስ ውስጥ፣ ከዚያም ጤነኛ ሰው በቃሉ በማይዘው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ በሚጠራ ፎልደር ውስጥ፣ ገና ሁለት በር አልፎ ይገኛል። አይጨነቁ፤ አድራሻውን የሚነግር ዩዘርሲኤፍጂ የሚባል ፋይል አለ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ተጽፏል። ፋይሉ ያለው እዚያው በተሰወረው አፕዳታ ውስጥ ነው።

ሲያገኙት ያለዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይገልብጡበት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ ያስገቡ፣ ሲሙሌተሩን ይክፈቱ፣ ይዩ፣ ይዝጉ፣ ሁለተኛውን ያስገቡ። ጡረታ ከወጡ ጥሩ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽብዎትና የሚያውቅ ሰው ሲጠይቁ «ኮሚዩኒቲውን ባዶ አድርገው ይሞክሩ» ይልዎታል። ትክክል ነው፤ ባዶ ሲሆን ይሠራል። ምንም ያልተጨመረበት ሲሙሌተር እንከን አይወጣለትም።

በተለቀቀበት ቀን ለመዛወር ካሰቡ ደግሞ እባክዎን አያድርጉት። የ2024ቱ እትም በኖቬምበር 19 ሲወጣ አውሮፕላኖቹን ሳይቀር ከሰርቨር እየሳበ የሚጭን ስለነበር፣ ሰዉ በአንድ ጊዜ ግር ብሎ ገባበትና ስንቱ ፓይለት 97 በመቶ ላይ ቆሞ ዋለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ቡናው ይፈላ፣ በረካው ሲደርስ 98 ይል ይሆናል።

አሁን ወደ ጆይስቲኩ እንምጣ፤ ሰው የሚፈተነው እዚህ ነው። የቱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ጣትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ጣት ደግሞ ቢጠየቅ አይናገርም። የድሮውን ከመዝጋትዎ በፊት የሴቲንጉን ገጾች በሙሉ በስልክ ፎቶ ያንሡ።

አዲሱ ሲሙሌተር ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ የሰኩትን ዕቃ ሁሉ ሳይጠይቅ ሥራ ያስይዘዋል። ዮኩን (መሪውን) የክንፍ ማጋደሉን ሥራ ይሰጠዋል፤ ይሁን። እዚያው ጠረጴዛ ዳር ለተረሳው ጆይስቲክም ያንኑ ሥራ ይሰጠዋል። እርስዎ ዮኩን ቀጥ አድርገው ይዘው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይጋደማል፤ ያስተካክላሉ፣ እንደገና ይጋደማል። ነፋሱን ይወቅሳሉ፣ ሠሪዎቹን ይራገማሉ፤ የሚያበረው ግን ጥጉ ላይ ዘመም ብሎ የተቀመጠው ጆይስቲክ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ ከፍተው ያልሾሙትን ሁሉ ይሻሩ።

ስሮትሉን ሲስቡ ሞተሩ ካገሳ ተገልብጧል ማለት ነው፤ አክሲሱን የምትገለብጠውን ትንሽ ሳጥን ይጫኑ። ማንሻው ግማሽ መንገድ ሄዶም ሞተሩ ዝም ካለዎት ደግሞ የስሮትል ምርጫው ሁለት ዓይነት ነውና የተሳሳተውን ይዘዋል፤ ስማቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ሌላውን ይሞክሩ። አሮጌ ጆይስቲክ ውስጡ ያለው ፖቴንሽዮሜትር እየተበላ ስለሚሄድ ሳይነኩት ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂት በመቶ ዴድ ዞን (ትንሽ እንቅስቃሴ የማይቆጠርበት ክልል) ይበቃዋል። ብዙ ከሰጡት አውሮፕላኑ መጀመሪያ አይሰማም፣ ከዚያ በድንገት ይፈናጠራል። ገመዶቹ ላይ ፕላስተር ለጥፈው የቱ ከየት ቀዳዳ እንደተሰካ ይጻፉ፤ ዩኤስቢው ቦታ ሲቀየር የሚያውቁትን ዮክ እንደ አዲስ ሰው የሚቀበሉ ሲሙሌተሮች አሉ። ዊንዶውስንም ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ዩኤስቢዎን እንዳያጠፋ ይከልክሉት። ሊያርፉ ሲሉ ዮክ እንቅልፍ ቢወስደው የሚቆጠበው ኤሌክትሪክ ለማንም አይተርፍም።

ይህ ሁሉ ካለፈ የመጀመሪያ በረራዎ ከቦሌ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ሌላ ቦታ የሚጀምር ሐበሻ ካለ ይንገሩኝ። ለድሮው የተሠራ የቦሌ አድኦን አስገድደው ካመጡ የማረፊያው ከፍታ በፋይሉ ውስጥ የተቆለፈ፣ በዙሪያው ያለው መሬት ደግሞ አዲስ የተለካ ስለሆነ፣ ማኮብኮቢያው ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጉብታ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። ከአዲሱ ጋር በመጣው ቢነሡ ይሻላል። በሴስና 172 ሲያኮበኩቡ ሞተሩ ካስነጠሰና ጉልበት ካነሰው ግን ወደ ስሮትል ሴቲንግ አይሮጡ፤ ማታውን በከንቱ ይፈጁታል። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ነዳጁ በዝቶበታል። የድሮው ሲሙሌተርዎ የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ ራሱ ያስተካክልልዎ ነበር፤ አዲሱ ላይ ያ እርዳታ ሳይበራ ቀርቶ ይሆናል። ቀዩን ማንሻ ጥቂት ሳብ ያድርጉት።

የድሮውን ሲሙሌተር ከኮምፒውተርዎ አያጥፉ፤ አዲሱ ያልያዘውን ቦታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ቺካጎ ውስጥ ሐይቅ ዳር ሜግስ የምትባል ማረፊያ ነበረች፤ ፍላይት ሲሙሌተር ለብዙ እትሞች ሲከፈት የሚጀምረው ከእሷ ነበር። በማርች 2003 ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ ሌሊት ቡልዶዘር ልከው ማኮብኮቢያዋን አስቆፈሩት። ኤፍ ኤስ ኤክስ ሲወጣ ሜግስ አልነበረችም። አድናቂዎች ግን አድኦን አድርገው መለሷት፤ የሲሙሌተሩ ትውልድ ሲቀየርም እንደገና ሠሯት። እርስዎም ከናፈቀችዎት ያውርዷት፣ ኮሚዩኒቲ ውስጥ ይጣሏትና ይክፈቱ። እምቢ ካለች ኮሚዩኒቲውን ባዶ አድርገው ይሞክሩ።