ዋካንዳ በጎንደር ዳኝነት

በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ተወልዶ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፊልም የተሻገረውን የ«ብላክ ፓንተር»ን ገድል መመርመር፣ ከሆሊውድ ሊቃውንት ይልቅ ለጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎረቤት ይቀላል፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ እንደ ጥንቱ የሠዓልያን ልማድ፣ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ከሓዲ ግን በጎኑ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሣላልና፣ ምእመኑ ማንን መርገም እንደሚገባው ገና ደጃፉን ሲሳለም ያውቀዋል። ይህ ፊልም ግን ለባላንጣው ለኪልሞንገር ሁለት ዐይን፣ ያውም ከበቂ አቤቱታ ጋር ስለ ሰጠው፣ ሥርዐተ ሥዕልን በግልጽ አፍርሷል።

የባሰው ግን የመንግሥት ጥበብ ጉድለት ነው። ቫይብሬኒየም በተባለ ማዕድን ኀይል ሰማይ የሚሰነጥቅ መርከብ የሠሩት፣ የፊልሙ ምናባዊ አፍሪካዊ መንግሥት የዋካንዳ ጠቢባን፣ ነገ ዙፋን የሚሻውን የነጋሢ ዘር ሕፃን ኪልሞንገርን በአሜሪካ ኦክላንድ ጥለው ከሚመለሱ፣ የጎንደር ነገሥታት መሳፍንቱን ያኖሩበትን ወህኒ አምባን የመሰለ አንድ ማረፊያ አበጅተው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ በፏፏቴ አፋፍ መተናነቅ ባላስፈለገ፣ ፊልሙም የአቦል ቡና ሳይቀዳ ባለቀ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሦስት ኦስካር ተሸልሟል፤ አንዱ ለአልባሳቱ ነው፤ እርሱስ ይገባዋል።