ምን ጠፋባችሁ?

አዲስ አበባ ላይ «ቅዳሜና እሑድን ሸዋ ሮቢት ላሳልፍ ነው» የሚል ሰው ጥያቄው እንደማይቀርለት ይወቅ። «ማንን ልትጠይቅ?» ይሉታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከተማዋ ማንጎም ማሾም ይዛ ስሟ የገነነው በማረሚያ ቤቷ ነው። ለመዝናናት የሚኬደው ቢሾፍቱ ነው፣ ላንጋኖ ነው፣ ኪስ ከፈቀደ ሐዋሳ። በፈቃዱ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ወይ ዘመድ አለው፣ ወይ የሽንኩርት ነጋዴ ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን ለንደን ብዙ ዓመት ኖሮ ስለመጣ ይህ አይገባውም። እዚያ ሰው ዓርብ ማታ ከተማውን ጥሎ ገጠር ይገባል፤ ጎጆ ይከራያል፣ የፕላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ ዝናብ ሲደበድበው ይውላል፣ ማታ እሳት ዳር ሻይ ይጠጣል።

«በቃ?» አልኩት።

«በቃ!» አለኝ፣ በናፍቆት።

በእኛ አገር ይህ እረኝነት ይባላል፤ እረኛ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም።

እና መንገዱ ሰላም በነበረበት በአንዱ ኅዳር ተነሣን። 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርበን ቁርስ በላን። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ በጉም ውስጥ አለፍን። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ብቻ ነው። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ወረደ፣ አርማንያ ላይ ሹራቡ። ሸዋ ሮቢት፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስንደርስ የቀረን ልብስ ቢወልቅ ነውር የሚሆነው ብቻ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩት አጎታችን ደጃፉ ላይ ሲያዩን ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

«ሰርግ ነው?»

«አይደለም።»

ዓይናቸው ጠበበ። «የመሬቱ ነገር ነው?»

ለመዝናናት መምጣታችንን ብንነግራቸውም አላመኑም። እራት ላይ ስለ ድንበር፣ ስለ ግብር ደረሰኝና ስለ አያታችን ኑዛዜ ማንም ሳይጠይቃቸው ብዙ አወሩ።

በማግስቱ የለንደኑ ሰው ቦቲውን አጠለቀ። ያን ሁሉ ፀሐይ እያየ፣ ቦቲ! ማሽላ ለማሽላ እየሄድን ስለ እንግሊዝ ይሰብከኝ ጀመር። የገበሬውን ማሳ አቋርጦ የሚያልፍ የእግር መንገድ እዚያ በሕግ የተጠበቀ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 ኪንደር ስካውት በሚባል ተራራ ላይ የከተማ ሠራተኞች «በመሳፍንቱ መሬት የመራመድ መብት ይሰጠን» ብለው ወጡና አምስቱ እስር ቤት ገቡ። ለመራመድ ሲል የታሰረን ሰው ታሪክ ለማውራት ከሸዋ ሮቢት የተሻለ ቦታ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ኅዳር ማሽላው የሚጎመራበት፣ ግሪሳ ወፍም እንደ ደመና የሚወርድበት ወር ነው። በአራት ቋሚ ላይ በቆመ ማማ አንድ ልጅ ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር የደረቀ ጭቃ ድቡልቡል ተከምሯል። ወንጭፉን ሦስቴ አዙሮ ለቀቀው። ጧ! ወፉ ሁሉ ብድግ አለ፤ የአክስቴም ልጅ መሬት ላይ ተዘረጋ።

«ምን ጠፋባችሁ?» አለ ልጁ ከላይ።

«ምንም አልጠፋብንም። እየተራመድን ነው።»

«ወዴት?»

«የትም።»

ልጁ አዘነልን። እንዲህ የሚደብቁት ነገር ውድ መሆን አለበት ብሎ ይመስለኛል፣ ወደ ቀጣዩ ማማ ዞሮ «ግመል ጠፍቷቸዋል!» ብሎ ለቀቀው። ያኛውም ለሚቀጥለው አቀበለ። ለዚህ ኔትወርክ ምን ያደርጋል?

የአክስቴ ልጅ ፍርስራሽም ይወዳል። በዚህ በኩል ያለንበት ይፋት አያሳፍርም፤ እ.ኤ.አ. ከ1285 እስከ 1415 የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት አገር ነው። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን ንግድ በእጃቸው ይዘው፣ ከተማና መስጊድ በድንጋይ ገንብተው ነበር፤ ፍርስራሹ ዛሬም አለ። መንገድ ዳር ያገኘናቸውን ሽማግሌ በየት በኩል እንደሚኬድ ጠየቅናቸው።

«እዚያ ገደል ላይ?» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ግመል አይወጣውም። ወደ አፋር በኩል ፈልጉት።»

ማታ የአጎታችን ግቢ በሰው ተሞላ። ቡና ተፈላ። አንዱ ቀይ ግመል ወደ አዋሽ ሲያዘግም አይቷል፤ ሌላው «የለም፣ ነጭ ነው፣ ሰንበቴ ገበያ ሳይወስዱት ድረሱበት» አለ። አጎታችን ግን ከመጣን ወዲህ እንዲህ ፊታቸው ፈክቶ አያውቅም።

«ለግመል መምጣታችሁን ምነው ትናንት ብትነግሩኝ!» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥታችሁኝ!»

እሑድ ጧት አንድ ሰው ግመል እየጎተተ ግቢ ገባ፤ ከኋላው ግማሽ ቀበሌ ተከትሎታል። «ይኸው፣ ወሮታዬን ወዲህ በሉ» አለ። የአክስቴ ልጅ የእኔ አይደለም ሊል አፉን ሲከፍት፣ አጎታችን ግመሉን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ሻኛውን ዳበስ አደረጉት፣ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ቆጠሩ። ከዚያ ወደ እኛ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፣

«ዝም በሉ» አሉ። «ገና ወጣት ነው።»